እማማ ደስታ ቤት የቀረው ጽዋ

«አንቺ እኮ በጽዋ የማትታመኚ ልጅ ነሽ። ምን ብለን ነው ዛሬ የምናምንሽ?»

እንዲህ ያሉኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ፊት ለፊቴ ነው ያሉኝ፤ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ሳሎናችን፣ ያስታጠብኳቸው ውሃ ከእጃቸው ሳይደርቅ። ቀኑ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም። የማኅበሩ ተራ የእናቴ ነበር። እናቴን ጉልበቷ ከከዳት ስለቆየ ጠላውን የጠመቅኩት፣ ድፎውን የደፋሁት፣ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤቶቻችን ከእነ ሀያት ቤት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጦር ኃይሎች ከምሠራበት ጫማ ቤት እየሮጥኩ መጥቼ ጭስ ውስጥ ነው ያመሸሁት። ይሄን ማንም አላየልኝም። እነሱ የሚያዩት ያኔ የነበረችውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

እናቴ የጠየቀችው ከባድ ነገር አልነበረም። «ከእንግዲህ እኔ አልችልም፤ ወንበሬን ራሄል ትያዝልኝ» ነው ያለችው። በዚህ ማኅበር እናት ስትደክም ልጅ ትተካለች፤ ሕጉ ነው። እናቴ ራሷ የተቀመጠችው እናቷ ወንበር ላይ ነው። እትዬ ዘውዴ ግን የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በማኅበር አጠራር ሙሴ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካላሉ እሺ የለም። እና ያሉትን አሉ። ከቀሩት ሴቶች አንዷም «ለምን?» አላለችም፤ ታሪኩን ሁሉም ያውቁታል። እናንተ ስለማታውቁት እኔው ልንገራችሁ። ከእነሱ ከምትሰሙት ይሻላል።

ልጅ እያለሁ ክረምት መግባቱን የምናውቀው በአፍንጫችን ነበር። የረጠበ ቆርቆሮ፣ ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ፣ ጓሮ ያለው ጤና አዳም፣ ከየቤቱ ደግሞ ጌሾ። ቤታችን ከጦር ኃይሎች ወደ ዘነበወርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነን። ያኔ ኮብልስቶን የሚባል ነገር አልደረሰንም፤ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቅ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ካርድ ተሰጥቶ፣ ደረጃ የወጣው ተስሞ ያልወጣው ተገርፎ ካበቃ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሱዚ ነበር። ላስቲኩን ቋጥረን ሁለት ልጆች እግር ላይ እንወጥርና ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ብብት። ብብት ላይ እኔን የሚያሸንፍ አልነበረም። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። እናቴ ይቺን ልጅ እግዜር መቀመጫ ነስቷታል ትል ነበር። አሁንም ትላለች።

ወሩን የምቆጥረው ግን በማኅበር ነው። የማርያምን ማኅበር የጀመሩት አያቴና አሥራ አንድ ጓደኞቿ ናቸው። አብዛኞቹ ከሶዶ የመጡ፣ ኮልፌ ውስጥ በርበሬና ሽንኩርት የሚቸረችሩ ሴቶች። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ አልነበራቸውም። አንዷ ስትወልድ የሚያርሳት፣ ስትሞት የሚያለቅስላት የለም። እና ተማከሩ። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰብሰብ፣ በማርያም ስም ጠላና ዳቦ እንቅመስ፣ የደከመችውን እናግዝ፣ ስናልፍ ደግሞ ልጆቻችን ይተኩን ተባባሉ። አንድ የሸክላ ጽዋ ገዙ። ሆዱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት፣ ከንፈሩ ላይ ጥፍር የምታህል ጉድፍ ያለችበት። ያ ጽዋ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ከቤት ቤት ሲዞር አያቴ አለፈች፣ እናቴ ተቀበለች።

ስብሰባው ሲያበቃ የማልረሳው ሥርዓት ነበር። የዚያን ወር የደገሰችው ሴት ጽዋውን ትሞላና ብድግ ብላ «ተረኛው ማነው?» ብላ ትጠይቃለች። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ትጠይቃለች። ተረኛዋ «እኔ ነኝ» ብላ ትነሣና ሁለት እጇን ዘርግታ ትቀበላለች። ከዚያ እልልታው ነው። እኛ ልጆች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን በባዶ የቲማቲም ጣሳ እንጫወተው ነበር። ሁልጊዜ «እኔ ነኝ» ባይዋ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ልጅ ከቀደመችኝ እጣላለሁ።

ሐምሌ ሃያ አንድ ተራው የእኛ ደረሰ። የቀጣዩ ወር ተረኛ እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፤ አሟቸው ቀሩ። ስለዚህ ጽዋው ቤታቸው ድረስ ይላክ ተባለ። ውጭው ጭቃ ነው፣ ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ልጅ ንጹሕ ናት፣ ራሄል ታድርሰው ያሉት እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ናቸው። ይቺን እባካችሁ ያዙልኝ። ሲያወሩት ይቺን ነው የሚዘሏት።

እናቴ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ፣ አፉን ከድና፣ ሁለት ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ነገር አለችኝ፦ «መሬት እንዳታስቀምጪው። ይዘሽውም እንዳትመለሺ።» ጽዋ መሬት አይነካም፣ ተረኛ ቤት ሳይገባም ወደ ወጣበት ቤት አይመለስም። ይሄን ማንም ልጅ ያውቀዋል።

የእትዬ ጥሩነሽ ቤት ቁልቁል ተወርዶ ከወንዙ ማዶ ነበር። በሕይወቴ ሳልሮጥ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ አልፌያቸው ሄድኩ፤ ጠሩኝ፣ ዞርም አላልኩ። ስደርስ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በእግሬ መታሁት። አንዲት ሴትዮ ከማዶ ብቅ ብላ ጠበል ወስደዋቸዋል፣ ዛሬ አይመለሱም አለችኝና ገባች። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጨርቅ ይሰብስቡ አይልም፣ ልጅ ያስገቡ አይልም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

አስቡት እንግዲህ። ማስቀመጥ አልችልም። መመለስ አልችልም። በሩ ዝግ ነው፣ ጽዋው ሙሉ ነው። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች «ምናለ ዝም ብለሽ ብትመለሺ?» ይሉኛል። ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ልጅ ሕግ ሕግ ነው፤ ማርያም ደግሞ ታያለች።

እማማ ደስታ ያዩኝ ያኔ ነው። ከእትዬ ጥሩነሽ አጥር ቀጥሎ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ከገጠር ለሕክምና ዘነበወርቅ መጥተው፣ ታክመው ድነው፣ እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። በሽታው ከለቀቃቸው ዘመን የለውም፤ የወሰደውን ጣት ግን አልመለሰላቸውም። መጥረጊያውን በጨርቅ ከመዳፋቸው ጋር አስረው በየማለዳው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርጋሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ስለት ነው። የማኅበሩ ሴቶች ነጭ ለብሰው ግንባራቸውን የሚያስነኩትን መሬት የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ግን ሰላም የሚሏቸው ከሩቅ ነው፣ በአገጭ።

በራቸው ላይ ቆመው ዝናብ ላይ ምን ይዤ እንደቆምኩ ጠየቁኝ። ጽዋ ነው አልኳቸው። ወደ ውስጥ ተመለሱ። የሸሹኝ መሰለኝ። ተመልሰው ብቅ ሲሉ እጃቸውን ታጥበዋል፣ የታጠበ ነጠላ ደርበዋል፣ ጫማቸውን አውልቀዋል።

«ወደ እኔ ነው የተላከው?» አሉኝ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ለራሴ ያልዋሸሁት እዚህ ላይ ነው። አይደለም ማለት እችል ነበር። ክንዴ ዝሏል፤ ፊታቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ስማቸው ለሽልማት እንደተጠራ ልጆች ፊት ሆኗል። «አዎ» አልኩ። «ተረኛው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» ብለው ጭቃው ላይ ተንበረከኩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ቤት ስመለስ ሴቶቹ ገና አልተበተኑም፤ ዝናቡ ይዟቸዋል። ማን ተቀበለሽ ብለው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ ተረኛው እርስዎ ነዎት ማለቴንም አልደበቅኩም። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘውዴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ለማን?» አሉ። «ለእማማ ደስታ።» «ለዚያች…» ብለው አንድ ቃል ጨመሩ። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሰው ሲሰዳደብበት እሰማዋለሁ። እኔ አልጽፈውም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ከእሷ እጅ ማን ይጠጣል፣ እኛ ልጆች አሉን፣ ሰው ምን ይለናል፣ ሄዳችሁ አስመልሱት፣ ኧረ እሷ የነካችውን ማን ይይዛል። አባ የምንላቸው የማኅበሩ ካህን ጥግ ተቀምጠው ሰሟቸውና ከዳነ ሰው በሽታ እንደማይተላለፍ ነገሯቸው። ደግሞም ጽዋው ገብቷል፣ የገባበት ቤት ይደግሳል፣ ሥርዓቱን ያወጡት እናቶቻችሁ ናቸው አሏቸው። እትዬ ዘውዴ ለካህንም ዓይናቸው አልተሰበረም። አባ ይባርኩ እንጂ ማኅበሩ የእኛ ነው አሉ።

የዚያን ዕለት እናቴ ገረፈችኝ። የምገርፍሽ ስለ ውሸቱ ነው እንጂ ስለ እማማ ደስታ አይደለም እያለች ነው የገረፈችኝ። ልዩነቱ ጀርባዬ ላይ አይታወቅም ነበር።

ወሩን ሙሉ ከወንዙ ማዶ ጌሾ ይሸታል። እማማ ደስታ ፍልሰታ ጾመው፣ በጾም አንጀታቸው ብቅል አስጥተው፣ ግድግዳቸውን በአዲስ ጭቃ ለቅልቀው ሲዘጋጁ አያቸው ነበር። ግቢ ሲጠርጉ ላገኙት ሁሉ ማርያም ቤቴ ልትመጣ ነው ይላሉ። አሥራ ሁለት ሰው ስለሚመጣ መቀመጫ እየለመኑ ነበር። ሴቶቹ እንደማይመጡ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም። በበራቸው ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ እሮጣለሁ።

ነሐሴ ሃያ አንድ ሴቶቹ እትዬ ዘውዴ ቤት ተሰበሰቡ። አዲስ ጽዋ ተገዝቷል፤ የሚያብለጨልጭ፣ ጉድፍ የሌለበት። እናቴም ከእነሱ ጋር ሄደች። እኔ ሱዚ ልጫወት ብዬ ወጣሁና ቁልቁል ሮጥኩ።

የእማማ ደስታ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት መቀመጫ ተደርድሯል። ዱካ፣ ጉቶ፣ ጨርቅ የለበሰ ጀሪካን፣ አንድ የተሰበረ የትምህርት ቤት ዴስክ። የተቀመጡት አባ ብቻ ነበሩ። እኔ ስገባ ሁለት ሆንን። የግቢው ጎረቤቶች፣ እንደሳቸው ታክመው የዳኑ ሰዎች፣ ውጭ ቆመው ይገቡ አይገቡ እንደሆን ይጠብቃሉ። እማማ ደስታ ትንሽ ጠበቁ፣ መንገዱን አዩ፣ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ የቆሙትን ሰዎች ግቡ አሏቸው።

ጽዋውን በሁለት መዳፋቸው መሀል ይዘው ለአባ ሰጡ። ከአባ ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጄን ሳይሆን አፌን ነበር የሚያየው። ጠጣሁ። ጉድፏ ከንፈሬን ስትነካኝ ይሰማኛል። ጠላው ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ መጨረሻው ላይ መረር ብሎ ምላስ ላይ የሚቆይ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠላ ጠጥቻለሁ፤ ራሴም ጠምቄያለሁ። እንደሱ ያለ አልቀመስኩም።

ሲያበቃ ጽዋውን ሞልተው ተነሡና «ተረኛው ማነው?» አሉ። በሩን እያዩ ነው የጠየቁት። ማንም አልመለሰም። ደገሙት። የግቢው ሰዎች እንግዶች ነን ብለው ወደ በሩ ሸሸት አሉ፣ አባ መሬት መሬት አዩ። ሦስተኛ ጠየቁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ከመጋረጃ ጀርባ በጣሳ ስንት መቶ ጊዜ ያልኩት ቃል። አልወጣም። እማማ ደስታ ፈገግ ብለው ጽዋውን ጠቀለሉትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

«ዝናብ ይዟቸው ይሆናል» አሉ።

ውጭ ፀሐይ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ቀድማኝ ተመልሳለች። አገጬን ይዛ አስጠጋችኝና አፌን አሸተተች። ልትገርፈኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሬን ጠረገችና ለቀቀችኝ።

ሴቶቹ ግን አልረሱላትም። ከመስከረም ጀምሮ የእናቴ ቦታ በሩ አጠገብ ሆነ፣ ብርድ የሚገባበት። በሰው ድግስ ሁሉ ዕቃ የምታጥበው እሷ ሆነች። የእሷ ተራ ሲደርስ ዳቦውን በጥፍራቸው ቆንጥረው ይተዉታል። አሥራ ስድስት ዓመት። ለምን አትተዪውም ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ። የእናቴ ወንበር ነው ትለኛለች፣ በእኔ አይቋረጥም።

አሁን ሱዚ እንዘልበት የነበረው ሜዳ የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። ልጆቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ስልክ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ቀና አይሉም። ማኅበሩም ልብሱን ቀይሯል። የስብሰባው መልእክት የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጥለት ያሠራሉ፣ ዳቦው ሳይባረክ ፎቶ ይነሣል። የሚያብለጨልጨው ጽዋ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አሁን ያለው ሦስተኛው ነው። እትዬ ዘውዴ 18 ማዞሪያ ፎቅ ሠርተው ገብተዋል። ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው፤ አንዷም የእናቷን ወንበር እይዛለሁ አላለችም። ከአሥራ ሁለቱ ወንበር ሰባት ቀርቷል። እኔን ደግሞ አንቀበልም ይላሉ።

እማማ ደስታ ከወገባቸው ጎብጠዋል። መጥረጉን አቁመዋል፤ ጠዋት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጠው አዲሶቹን ጠራጊዎች እዚያ ጋ ቀርቷል፣ እዚያ ጋ ቀርቷል ይላሉ። ጽዋው እሳቸው ጋ ነው። በየወሩ ሃያ አንድ ከሰዓት በኋላ አቅማቸው የፈቀደውን ይጠምቃሉ፣ ጎረቤቶቻቸውን ያቀምሳሉ፣ ተረኛውን ይጠይቃሉ፣ መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። ጎረቤቶቹ እኛ እንውሰደው ሲሏቸው የማኅበር አደራ ነው፣ ከማኅበሩ ሰው እስኪመጣ ጠባቂው እኔ ነኝ ይላሉ። ሥራ ስሄድ ካዩኝ ከሩቅ ይጣራሉ። «ልጄ፣ ተረኛው ማነው?» ብለው ይስቃሉ። እኔም ስቄ፣ ትከሻቸውን ስሜ፣ ታክሲ አመለጠኝ ብዬ እሮጣለሁ። ዋሽቼዎት ነበር ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም።

እንግዲህ በጽዋ የማትታመኚ ያሉኝ ይሄን ይዘው ነው።

እናቴ በሩ አጠገብ ካለው ወንበሯ ሆና ልጅ ነበረች እኮ እትዬ አለቻቸው፣ ቀስ ብላ። እትዬ ዘውዴ የቸሩ መስለው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«እሺ። እዚህ መሀል ትንበርከክና ይቅርታ ትጠይቀን። የዚያችን ሴትዮ ደጅ ሁለተኛ ላትረግጥ ትማልልን። ያኔ እናያለን።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ምን እንደምትፈልግ ግን አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ዕቃ ያጠበችበት ወንበር ከእሷ ጋር እንዳይቀበር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእሷ ስል ጉልበቴ ሊታጠፍ ምንም አልቀረው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዋሸሁት ግን እማማ ደስታን ነው፤ የምጠይቀውም እሳቸውን ነው።»

«ምላሷን ሰማሽ ወይንሸት?» አሏት እናቴን። «ይቺን ነው ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ የምትዪን? ጫማ ስትሸጥ የለመደችውን አፍ?»

«እትዬ ዘውዴ፣ የእርስዎን ወንበር ማን ነው የሚይዘው?»

ማለት አልነበረብኝም። አፌ ቀደመኝ። ከሴቶቹ አንዷ ኧረ በስመ አብ አለች። የእትዬ ዘውዴ ፊት ለአፍታ ያረጀ፣ የደከመ የሴት ፊት ሆነና መልሶ ተዘጋ።

«ባዶ ይቀራል» አሉ። «ባዶ ወንበር አያዋርደኝም። አንቺ እዚህ ከምትቀመጪ ሰባቱም ባዶ ይቅር።»

አባ ዛሬ የሉም፤ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። እሳቸውን የተኩት ወጣት ካህን ባርከው ወጥተዋል። ስለዚህ ሥርዓቱ ይከበር የሚል ሰው አልነበረም። እናቴ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማል። ልደግፋት ስል በእጇ መለሰችኝ። አዲሱን ጽዋ ሞላችና እንደ ወጉ ጠየቀች።

«ተረኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘውዴ፤ ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ። ተነሥተው ተቀበሏት። እልል ያለ የለም። እናቴ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። ወደ እኔ መጣች። ለማኅበር ብቻ የምትለብሰውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችና አራት አድርጋ አጣጠፈችው። ሁለት ክንዴን ያዘችና እንደ ልጅነቴ አስተካክላ፣ ላያቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ሃያ አንድ ነው፤ ሳይመሽ እማማ ደስታ ጋ ድረሺ» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰሟት። «መሬት እንዳታስቀምጪው። የእናቴን ጽዋ ይዘሽ ተመለሺ።»

እትዬ ዘውዴ እናቴን በስሟ ጠሯት። እናቴ አልዞረችም። በሩ ላይ ጫማዬን አጠለቅኩና ወጣሁ።